ሆትስፖቱን የዘጋሁበት ቅዳሜ

ባለፈው ሰሞን ከላዬ ባለው አልጋ የምትተኛው የዶርም ጓደኛዬ ራሷን ወደ ታች አንጠልጥላ፣ «ማኅሌት፣ እባክሽ ሆትስፖት ክፈችልኝ። ይቺን የቤት ሥራ ልኬ ወዲያው እወጣልሻለሁ» አለችኝ።

ተራ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የማልሰማበት ቀን የለም፤ እኔም ሌሎችን እጠይቃለሁ። እዚህ ዶርም ውስጥ ዳታ እንደ ሳሙናና እንደ በሶ ነው፤ ያለው ለሌለው ያካፍላል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ «እሺ» ለማለት የምቸኩል ሰው ነኝ። ሰው ያስቀየምኩ ከመሰለኝ ምግብ አይበላልኝም። ያም ሆኖ ጣቴ ስልኩ ላይ ደርሶ ቆም አለ።

«ምነው፣ ፓኬጅሽ አለቀ እንዴ?» አለችኝ።

«አላለቀም» ብዬ ከፈትኩላት። ጣቴ ለምን እንደቆመ ግን አልነገርኳትም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነገር አይደለም።

የሆነው ሞጣ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የምጠብቅበት ጥቅምት ነበር። ቤታችን ቢቸና ነው፤ በዚያን ሰሞን ቢቸና ላይ ስልክ ይደወላል እንጂ ዳታ አይሠራም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ደግሞ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ሞጣ ላይ ይሠራል ሲባል አባቴ የራሱን ስልክ ሰጠኝ፣ እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት አንድ ጠዋት በሚኒባስ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ከግንደወይን ወዲያ ኑጉ አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር። ጤፉ ገና አልቀላም፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር አንድ ላይ ይተኛና አንድ ላይ ይነሳል። ያን መንገድ ስሄድ ደስ ብሎኝ እንደነበር ይታወሰኛል። የሚያስጨንቀኝ ነገር ቢኖር የመጀመሪያ ምርጫዬ ብቻ ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሁላችንም እታለም እንላታለን። ሞጣ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ቤቷ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የሽንኩርቱ ሽታ ነው፤ ከልብሷም ከእጇም አይጠፋም። ባሏ ጋሼ ሞላ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ከቤቱ ብዙም አይርቅም፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው ምሳ ለመብላት የሚመጡት። በግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ደግሞ ከግንደወይን ገጠር መጥታ ተከራይታ የተማረች ሰብለ የምትባል ልጅ ነበረች። እንደኔው ፈተና ተፈትና ምርጫ የምትሞላ ነች።

እታለም ሁለት ስልክ ነበራት። አንዷ የምትደውልባት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። ሁለተኛውን ታናሽ ወንድሟ ይበልጣል ሌላ ሲገዛ የሰጣት ነው፤ ትልቅ፣ መስታወቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ፣ ሲም ካርድ የማይቀበል ስልክ። ስለዚህ ያ ስልክ የሚኖረው በሰው ዳታ ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት በሰብለ ዳታ ይኖር ነበር፤ በኋላ የሰብለ ሲም ዳታ አልይዝ ሲል ሁለቱም በእኔ ዳታ መኖር ጀመሩ። እታለም ሆትስፖት የሚለውን ቃል አትወደውም ነበር።

«በይ ቧንቧውን ክፈችልኝ» ትላለች። «እኔ እንስራዬን ይዤ ቆሜያለሁ።»

እከፍትላታለሁ። አንድ ጊዜ ፓስወርዱን አስገብቼላት ስለነበር ከዚያ በኋላ ስልኳ እኔ በከፈትኩ ቁጥር ራሱ ይገናኝ ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

ዳታውን በጣም የምትፈልገው ቅዳሜ ነው። ይበልጣል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች በእታለም ጀርባ ላይ ነው ያደገው። ቅዳሜ ምሳውን ደጀን ላይ ሲበላ በቪዲዮ ይደውልላታል። እሷ ገና ፊቱን እንዳየች፣ «ወጡን አሳየኝ» ትለዋለች። ስልኩን ወደ ትሪው ያዞራል። «ይኸ ሽሮ ነው እንዴ? ውሃ እኮ ነው! ባለቤቷን አቅርብልኝ» ትላለች። እሱ ይስቃል፤ ከጎኑ የተቀመጡት ሾፌሮችም ይስቃሉ። «እታለም፣ አታሰድቢኝ፤ ሁለተኛ አያስገቡኝም።» እኔም ከኋላዋ ሆኜ ፊቴን አስገብቼ ሰላም እለዋለሁ። የእናቴም ወንድም ነው፤ አጎቴ ነው።

ዓርብ ከሰዓት መብራት ጠፋ። እኔ የራሴን ሞልቼ ጨርሻለሁ፤ ቅዳሜ ግን ሰብለ ምርጫዋን የምትሞላበት የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ቻርጅ ለመቆጠብ ስልኬን አጥፍቼ አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት መብራት መጣ፣ እታለም ጆንያዋን አሸክማ ገበያ ወጣች። ትንሿን ስልኳን ኪስ አውላቂ ይወስድብኛል ብላ እንደ ልማዷ ቤት ጥላት ሄደች።

ረፋድ ላይ ጋሼ ሞላ መጡ። የምሳ ሰዓት አልነበረም። ግቢው ውስጥ ካለችው የኮክ ዛፍ ሥር ቆመው ጠሩኝ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«ማኅሌት፣ ልጄ፣ የምነግርሽን ስትሰሚ ድምፅ እንዳታወጭ» አሉኝ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«አባትሽ በሰው ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ይበልጣል አርፏል። ትናንት ማታ ዓባይ በረሃ መኪናው ተገልብጦ።»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ከጓሮ ሄድኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስመለስ ጋሼ ሞላ በጣሳ ውሃ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። ፊቴን አስታጠቡኝ። ወንድ ሰው የሴት ልጅ ፊት ሲያስታጥብ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ዛሬ ቢቸና ይቀበራል» አሉ። «መንገዱ ተዘግቷል፤ ዛሬ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም ብለውኛል። አሁን ብንነግራት በእግሯ ትነሳለች። አውቃታለሁ፣ ማንም አይመልሳትም። ግንደወይን ሳትደርስ ይመሽባታል፤ መንገዱም መንገድ አይደለም። ቄስ አሥረስን አግኝቻቸዋለሁ። ነገ ሲነጋ ሰዎች ይዘው መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ ከሰው አፍ መስማት የለባትም።»

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። የንስሐ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስበው፣ ገና ሲነጋ፣ ሰውየው ቤቱ ውስጥ እያለ ይነገረዋል። ደንግጦ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት፤ አብሮት የሚያለቅስም። መንገድ ላይ፣ ገበያ መሀል ወይም ብቻውን ሆኖ መርዶ የሰማ ሰው ሲነሳ «እንዴት ያለ ክፉ ነገር ነው» ይባላል፤ ከሞቱ እኩል ይታዘንለታል። እኔም ይህን እያወቅኩ ነው ያደግኩት።

ጋሼ ሞላ ትንሿን ስልክ ከመደርደሪያው አንስተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ስለ ትልቁ ስልክ አላሰቡም። ያሰብኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ስከፍት የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉት ዘመዶቻችን የይበልጣልን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፈዋል። «ነፍስ ይማር» የሚለው ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ያ ግሩፕ እታለም ስልክ ላይም አለ። ሆትስፖቱን ለማንም ብከፍት መርዶው ከቄሱ ቀድሞ እጇ ላይ ይወርዳል ማለት ነው።

ይህንን ለጋሼ ሞላ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ለማንም አትክፈች» አሉኝ።

«ሰብለስ? ዛሬ ካልሞላች ያመልጣታል እኮ።»

ወደ ሰብለ ክፍል አዩ። ልጅቱ ከጠዋት ጀምራ ልብሷን ለብሳ፣ ወረቀቷን አዘጋጅታ ትጠብቀኝ ነበር። አባቷ በበሬ እያረሰ ነው ያስተማራት። ጋሼ ሞላ ሜትሩን ጠቀለሉት፣ ፈቱት።

«የልጅቱ ዓመት ነው፤ አይሆንም» አሉ። «ለእሷ ብቻ የሚሆንበት መላ የለውም?»

ነበረው። ፓስወርዱን ቀየርኩና አዲሱን ለሰብለ ብቻ ሰጠኋት። ለምን እንደቀየርኩ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ድረ ገጹ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስትጨርስ ከመጀመሪያው ይመልሳታል። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ የግቢውን መግቢያ እጠብቃለሁ። ቶሎ ጨርሳ እንድዘጋው ጸለይኩ። ስለ አጎቴ ግን ያን ሰዓት አልጸለይኩም፤ ይህ አሁንም ይከነክነኛል።

እታለም ከወትሮዋ ቀደም ብላ መጣች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ በነጠላዋ ጫፍ የባቄላ እሸት ቋጥራለች።

«እናንተ ልጆች፣ ኑ እሸት ብሉ! ዛሬስ ገበያው ገድሎኛል፤ ሰው ሁሉ አሽትቶ ነው የሚሄድ።»

ጋሼ ሞላ ከጓዳ እንጀራ በሰሃን ይዘው ወጡ። ወጡን ራሳቸው ነው የጨለፉት፤ ግማሹ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ፈሷል።

«ብይ፣ ቅመሽ መጀመሪያ» አሏት።

እታለም ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ሳቀች። «ኧረ ጉድ! ሞላ ጓዳ ገባ? አንተ ሰው፣ ምን አጥፍተህ ነው?»

«ደክሞሻል ብዬ ነው።»

«የዛሬ ድካሜ ብቻ ነው የታየህ?» እያለች ሁለት ጉርሻ ጎረሰች። ከዚያ እጇን ታጥባ ትልቁን ስልክ ከትራስ ሥር አወጣችና ወደ እኔ ዞረች። «በይ ቧንቧውን። ይበልጣል እስካሁን ሽሮው ቀዝቅዞበታል።»

«ዳታው አልቋል እታለም» አልኳት።

«ውይ፤ ምን ታደርጊ» አለች። ስልኩን ልታስቀምጥ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሰብለ ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች። «ማኅሌት! ገባ! ተላከ! እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ዳታሽ ባይኖር አልቆልኝ ነበር» ብላ አቀፈችኝ። ደስታዋ ሙሉ ነበር። የምታውቀው ነገር የለም፤ ምን ትበል።

«አልቋል አላልሽኝም?» አለች እታለም። አሁንም እየሳቀች ነው። «ለጓደኛዋ ሲሆን ይሞላል፣ ለአሮጊት ሲሆን ይደርቃል! ይኸ ዳታሽ ሰው ይመርጣል ልበል?» ብላ ስልኳን ነካካች። «ይኸው፣ ስምሽ መጣ። ግን ፓስወርድ ይለኛል። ትናንት ወዲያ እኮ አይጠይቀኝም ነበር። ቀየርሽው?»

ወደ ባቄላው እሸት ዞር አልኩ።

«ማኅሌትዬ፣ ቀየርሽው?»

«እታለም፣ ዛሬ ይቅርብሽ» አልኳት። ከዚህ የተሻለ ውሸት አልመጣልኝም።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። እኔን አየች፤ ከዚያ የፈሰሰውን ወጥ፤ ከዚያ ጋሼ ሞላን። ሰብለ እጇን ከትከሻዬ አወረደች።

«አንች እኮ እምቢ ማለት አታውቂም» አለችኝ እታለም በቀስታ።

ውጭ የጎረቤት ዶሮ ይንጫጫል። እታለም መዳፏን ወደ ባሏ ዘረጋች። «ስልኬን ስጠኝ» አለች። ጋሼ ሞላ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ቢቸና ልትደውል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልደወለችም። ቁልፏን ረገጥ አድርጋ ይዛ ራሷ አጠፋቻት።

«ነገ ጠዋት ነው?» አለቻቸው።

«አዎ» አሉ ጋሼ ሞላ።

«ቄስ አሥረስ ናቸው የሚመጡ?»

«እሳቸው ናቸው።»

«እሺ» አለች።

ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። አሁን ሳስበው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያን ስልክ የምትከፍተው ለአንድ ሰው ነው፤ የተከለከለችውም ያንኑ ስልክ ነው። ከጠየቀች ግን ልንነግራት ነው፤ ከነገርናት ደግሞ ቄሱ የሚመጡበት ነገር አይኖርም። ለእሳቸው ነው የተወችላቸው ወይስ ለራሷ ያን አንድ ምሽት ፈልጋ ነው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ተነስታ ቤቱን ጠረገች። አግዳሚዎቹን ከግድግዳው አስጠግታ ደረደረች፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከሳሎን ወደ ጓዳ አስገባች፣ ጄሪካኖቹን ውሃ ሞላች፤ ነገ ፊቱን የሚታጠብ ሰው ብዙ ነውና። ላግዝሽ ስላት፣ «ተይው፣ እሸቱን ፈልፍይ» አለችኝ። ከሰብለ ጋር ቁጭ ብለን ፈለፈልን፤ ማንም አልበላውም። በመጨረሻ ከሣጥኗ ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ እጥፋቱን በእጇ ዳብሳ ወንበር ላይ አኖረችው። የራሷን መርዶ ለመቀበል ቤቷን የምታሰናዳ ሴት ያየሁት እሷን ብቻ ነው። እንባ አልነበራትም። ጋሼ ሞላ ግን ደጅ ወጥተው አጥሩን ተደግፈው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ።

ሊነጋ ሲል ቄስ አሥረስ ከሽማግሌዎችና ከጎረቤቶች ጋር መጡ። ሲገቡ ቤቱ ተሰናድቶ ቢያዩም ምንም አላሉም። መስቀል አሳለሟት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቋት፣ ጸሎት አደረጉ፤ ከሩቅ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ነገሩ መጡ። እታለም አላቋረጠቻቸውም። ሁሉንም ቃል እንደ አዲስ ሰማች። «...ወንድምሽን ይበልጣልን» ባሉ ጊዜ ከውስጧ የወጣውን ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ነው። ሴቶቹ ያዟት። ለካ ሰዎቹ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው ብዬ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በሁለት እጄ ብቻዬን አልይዛትም ነበር።

ቀኑ ገፋ ሲል፣ ለቅሶው ትንሽ ጋብ ባለበት፣ በዓይኗ ጠራችኝ። ትልቁን ስልክ ጭኗ ላይ አኑራዋለች።

«አሁን ክፈችልኝ» አለችኝ።

ከፈትኩ፤ አዲሱን ፓስወርድ አስገባሁላት። መልእክቱ እንደ በረዶ ወረደ። ሻማው፣ ፎቶው፣ «መጽናናትን ይስጣችሁ»፤ ስልኩ መንዘፍዘፉን አላቆመም። እሷ ግን እነዚያን አላነበበችም። በጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ከሁሉም በፊት ወደ ነበረው ሄደች። እኔም አላወቅኩም ነበር፤ ዓርብ ወደ ማታ ስልኬን አጥፍቼ በነበረበት ሰዓት ይበልጣል ድምፁን ልኮላት ነበር። ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። አጠገቧ ስለነበርኩ እኔም ሰማሁት።

«እታለም፣ ደጀን ነኝ። ነገ ቅዳሜ መንገድ ላይ ስለምሆን አልደውልልሽ ይሆናል፤ እንዳትጠብቂኝ። በልቻለሁ። ሽሮ ነው፤ ወፍራም ነው፣ እመኝኝ።»

ደግማ ሰማችው። ሦስተኛ ልትከፍተው ስትል ጋሼ ሞላ እጇን ያዙ።

እንዳትጠብቀው ነግሯት ነበር። ዓርብ ዕለት ስልኬ ክፍት ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ቧንቧውን ክፈችልኝ ባላለችኝ፣ እኔም እምቢ ባላልኳት፣ እሷም እስኪነጋ ድረስ ባላወቀች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መብራት ነው የጠፋው፣ ማንም ላይ አላላክከውም፤ ግን ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል።

ዘንድሮ ቢቸናም ዳታ ተመልሷል። ቤተሰባችን ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥቷል፤ ማንም ሰው ቢያርፍ የቅርብ ዘመዱ በሰው አፍ፣ በወጉ ሳይረዳ ግሩፑ ላይ ሻማ አይለጠፍም። ጥሩ ደንብ ነው፤ ታላላቆቹ ተስማምተውበት ነው። እኔን ግን ሌላ ፍርሃት አስተማረኝ። ግሩፑ ላይ ዘወትር ጠዋት ሰላምታ፣ የበዓል ሥዕል፣ የሕፃን ፎቶ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ማንም ምንም አልጻፈም። ሌክቸር ላይ ሆኜ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ደጋግሜ አየሁት። ዝም የተባለው ለእኔ ይሆን አልኩ። እዚህ ያለሁት ርቄ ነው፤ ብቻዬን ነኝ፤ ሰው እስኪያሰባስቡልኝ እየጠበቁ ይሆን?

ከክፍል ወጥቼ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ግሩፑ ላይ ዝም አላችሁ። ምን ሆናችሁ?»

«መብራት የለም ልጄ። ምን እንሆናለን?»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው እንጂ!»

አባቴ አይዋሽም፤ ጋሼ ሞላም አይዋሹም ነበር። «እማዬን አቅርብልኝ» አልኩት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቢቸናን ነፋስ ሰማሁ። ከዚያ እናቴ፣ «ማኅሌት? ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለች። ከሕንፃው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ምሳ ምን እንደበላች ጠየቅኋት።